የአባት ካሜራና የዶላር ሱቅ ሙጫ

ቶሮንቶ ውስጥ በብዙ የወገን ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ በፎጣ የተጠቀለለ አሮጌ ካሜራ አይጠፋም። የአባት ያሺካ ወይም ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ከሄደ ሰው ሻንጣ የወጣ ዜኒት ይሆናል። ዛሬ ልጆች በፊልም ማንሳት አምሯቸው «አባዬ፣ ይሠራል?» እያሉ ያወርዱታል። ቆዳው ተነሥቷል፤ በጃፓን ካሜራዎች የጀርባ ክዳን ዳር ያለው ጥቁር ስፖንጅም እንደ ሬንጅ ቀልጦ እጅ ይይዛል። አባት ሱፐር ግሉ ሊገዙ ይወጣሉ። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ተን ነጭ ሆኖ ያርፋል። ፖሊስ የጣት አሻራ የሚያወጣው በዚሁ ተን ነው። ካሜራ ውስጥ ሲሆን ግን ሌንሱን ጉም ያለብሰዋል። የሚገርመው፣ ሙጫውን እ.ኤ.አ. በ1942 ያገኘው ሃሪ ኩቨር የኮዳክ ኬሚስት ነበር፤ ለገበያ የቀረበው በ1958 ነው። ኮዳክ ለቶሮንቶ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የማውንት ዴኒሱ ፋብሪካ የተዘጋው በ2005 ነው።

ለቆዳው የሚሆነው ጫማ ሰፊ የሚያውቀው ማስቲሽ ነው። እዚህ አገር ሃርድዌር ሱቅ «ኮንታክት ሲመንት» ብለው ይጠይቁ። ብረቱንም ቆዳውንም በስሱ ይቀቡ፤ ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይጫኑት። አያብዙት። በብዙ ካሜራ ብሎኖቹ ያሉት ከቆዳው ሥር ነውና፣ ነገ ሌላ ሠሪ ሳይቀድደው ሊያነሣው ይገባል። መስኮትም ይክፈቱ፤ የማስቲሽ ሽታ አገር ቤት የጎዳና ልጆችን ምን እንዳደረገ የሚረሳ የለም።

የቀለጠውን ስፖንጅ አልኮል በነካ ስቴኪኒ ቀስ አድርገው ይጥረጉ፤ ፍርፋሪው ሹተሩ ላይ እንዳይወድቅ። በምትኩ ቀጭን ጥቁር የሱፍ ክር ቦዩ ውስጥ ቢተኛ ብርሃን ይዘጋል። ካልተዘጋ ፊልሙ ላይ ብርቱካናማ መስመር ይወጣል።

ሌንሱን ግን አይንኩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሌንስ መስታወቶች የሚጣበቁት በካናዳ በለሳን፣ ማለትም በዚሁ አገር ጫካ በሚበቅል ዛፍ ሙጫ ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ፎቶ የተነሣ አያት፣ ካናዳ የሚባል አገር ሳይሰማ በካናዳ ዛፍ ሙጫ በኩል ታይቷል ማለት ይቻላል። ያ ሙጫ ሲያረጅ ይበጫል፤ ሲለቅም ዳሩ ላይ ቀስተ ደመና ይታያል። ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ክዳኑን አይክፈቱ። በ35 ሚሊሜትር ካሜራ የፊልም መጠቅለያዋን እጀታ በቀስታ ያዙሩ፤ ከያዘ ውስጡ ፊልም አለ። ጠቅልለው አውጡና ለፊልም አጣቢ ይስጡ። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላም ምስል የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ምናልባት በስንብቱ ቀን ቦሌ ላይ የቆሙ እናት ይኖሩበታል።