ማግኔቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ኪኒኑ በሰዓቱ ይድረስ!



«ዶክተር፣ ፓርኪንሰን በማግኔት ይታከማል አሉ። አባታችንን ውጭ እንውሰዳቸው?» ትሉኛላችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ለዚህ ብላችሁ ቤት አትሽጡ።

ቴክኖሎጂው ውሸት አይደለም። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ እንዳሳዩት፣ ጭንቅላት ላይ በሚደገፍ መሣሪያ አንጎልን ያለ ቀዶ ሕክምና ማነቃቃት ይቻላል። አሜሪካ በ2008 ለድብርት ፈቅዳዋለች። ለፓርኪንሰን አካሄድ ግን ገና ጥናት ላይ ነው፤ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ታማሚ አንጎል አይተው ቦታውንና መጠኑን ለእሱ ብቻ ለመለካት እየሞከሩ ነው። ተስፋ ነው እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። የሚሸጥላችሁ የማግኔት አምባርማ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም!

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሌቮዶፓ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ኪኒን ነው። ታዲያ ለምን ቤተሰብ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል? ራሳቸው ታማሚ የሆኑት ወ/ሮ ክብራ ከበደ የሕሙማኑን ድጋፍ ድርጅት አቋቁመው ስለዚህ በሽታ ለዓመታት ተናግረዋል። የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። ኪኒኑ ሳይኖር ስለ ማግኔት ማውራት ጣሪያ ለሌለው ቤት መጋረጃ መስቀል ነው።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ለጤነኛም ይከብዳል። እግሩ ድንገት ለሚጣበቅበት ሰው ደግሞ አንድ ውድቀት የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀምጧቸው። እንጦጦ ጸበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ኪኒኑን ግን አታስቁሙ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር፤ ለፓርኪንሰንም ያው ነው።

ዛሬውኑ ያለ ማግኔት የምትችሉት፦

✅ ሌቮዶፓ በሰዓቱ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ሥጋና ወተት ሥራውን ሊያዳክሙት ይችላሉ። ያለ ሐኪም በድንገት አይቋረጥ።

✅ እግራቸው ሲጣበቅ አትጎትቷቸው። ይቁሙ፣ ክብደታቸውን ግራ ቀኝ ያዛውሩ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩላቸው። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አስምሩ፤ መስመሩን እየተሻገሩ ይራመዳሉ።

✅ ለማቅለሽለሽ ፕላሲል አትስጡ፤ ፓርኪንሰንን ያባብሳል።

✅ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ።

ጤና ሚኒስቴርን የምንጠይቀውም ቀላል ነው፦ ሌቮዶፓ ከመደርደሪያ አይጥፋ።

ማግኔቱ ሲረጋገጥ እዚሁ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው፦ አባታችሁ የዛሬውን ኪኒን በሰዓቱ ወስደዋል?

ለሌሎችም ሼር አድርጉ።