የኪራይን ውል መርምሮ ስለ መፈረም

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በኪራይ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የወሩን ክፍያ ሳይሆን ኪራዩ የተመሠረተበትን ዋጋ ነው፤ የወሩ ክፍያ ቢያንስ እንኳ በቅድሚያ የሚከፈለው ሊበዛ ይችላልና።

በአሜሪካ አገር የኪራዩ ወለድ በጥቃቅን ቍጥር ይጻፋል፤ 0.0025 ተብሎ የተጻፈው በ2400 ሲባዛ በዓመት 6 በመቶ መሆኑ ይገለጣል። ደግሞም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የወጣው ሕግ፥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ድረስ፥ ለአከራዩ እስከ 7500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር፤ አከራዩ ግን ለተከራዩ እንዲያካፍል አልተገደደም። ስለዚህ ጠይቆ በውሉ ያስጻፈ ሊጠቀም ሲችል፥ ዝም ያለው ሊቀርበት ቻለ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ በተከለከለባት በኢትዮጵያም፥ ስለ መሥሪያ ቤቱ ውል የሚፈርም ሹም ይህንኑ ሊያስተውል ይገባዋል። የሚከፈለው ገንዘብ የሕዝብ ነውና፥ ከፊርማው በፊት መመርመር ግዴታው ነው።