«ሕዝቡ አያነብም» የሚሉን እነማን ናቸው?

«ሕዝቡ አያነብም» የሚለውን ክስ በአዲስ አበባ የመጽሐፍ ምረቃዎች ላይ በተገኘሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ደራሲ ነው፤ አለዚያም አሳታሚ። ለመሆኑ ይህ «ሕዝብ» የሚሉት ማን ነው? ወመዘክር አዳራሽ የገባው ነው ወይስ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ቆሞ መጽሐፍ ያገላበጠው? እኔ የምኖረው መተከል ውስጥ፣ ቡለን ነው። ልብ ወለድ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም ራሴው ተሸክሜ እሸጣለሁ። ስለዚህ በተከሳሹ ፈንታ ቆሜ ብናገር ነውር የለበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወቅት ነው። አዲስ መጽሐፍን ለእንቁጣጣሽ ማድረስ የብዙ አሳታሚ ምኞት ነው። መስከረም ለአዲስ አበባ የአደይ አበባ ወር ነዋ! ለቡለን ግን ዝናቡ ያላባራበት፣ ጎተራው የጎደለበት፣ ወባው የሚበረታበት ወር ነው። ለልጆቹ ደብተር መግዣ የቸገረውን አባት «ልብ ወለድ ግዛ» ቢሉት ምን ይመልሳል? እዚህ ዳጉሳው፣ በቆሎውና ኑጉ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ የሚገባው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። እኔም መጽሐፌን አንግቤ ገበያ የምወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ይዤው የወጣሁት ይዤው አይመለስም።

«ደራሲ ከመሃል ከተማ ከራቀ ብዕሩ ይደርቃል» ብለው የሚመክሩኝም አሉ። የእኔን ዓመት ቢያውቁት ባልመከሩኝ! ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጓራ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አዲስ ምዕራፍ እጀምራለሁ። ክረምቱን መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እጽፋለሁ። ጥቅምት ላይ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሲለብስ ያንኑ አርማለሁ። በጋው የገበያና የአንባቢ ነው። በየትኛው ወር ነው የምደርቀው?

ሕዝቡ ልብ ወለድ አይወድም የሚሉም የአገራቸውን ታሪክ የዘነጉ ናቸው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጅ አወቃት። ሕዝቡ ያንኑ ሕዝብ ነው። የተለወጠው እስከ ደጁ ይዞለት የሚሄድ ሰው መጥፋቱ ነው።

«የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ማጓጓዣውም አይቀመስም» ይሉኛል። እውነት ነው። ወረቀት ከተወደደ ግን የታተመው ከአንባቢ እጅ ሊገባ ይገባል እንጂ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሊጠጣ አይገባም። አንድ አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን ከጠየቀኝ በኋላ «ለመሆኑ ቡለን የት ነው?» ብሎኛል። አገሩን የማያውቅ ነጋዴ አንባቢውን ሲወቅስ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ከማለት በቀር ምን ይባላል? አማርኛ የክልላችን የሥራ ቋንቋ ነው። ሽናሻው፣ ጉሙዙ፣ አገው፣ ኦሮሞውና አማራው ልጅ በዚህ ቋንቋ ማመልከቻ ይጽፍበታል፤ ልብ ወለድ ግን አይደርሰውም።

ጉዳዩ የሽያጭ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን መሃል አገር ቡለንን የሚያውቃት በሞት ዜና ነው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በወረዳችን በበኩጂ ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ስማችን በየራዲዮው ተነሣ፤ ሳይቆይም ተረሳ። ዜናው የሟቾቹን ቁጥር ነገረን። እንዴት ያርሱ፣ እንዴት ይዳሩ፣ በምን ይሳሳቁ እንደነበር የሚነግረን ግን ልብ ወለድ ነው። ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው ካልተነባበቡ ስለ ጎረቤት የሚያወራላቸው አሉባልታ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ አሳታሚ ሆይ፣ ካሳተምከው አሥር አሥር ቅጂ ለየወረዳው ትምህርት ቤት ላክ። ደራሲ ሆይ፣ ከአዳራሹ ውጣና ገበሬው ገንዘብ በያዘበት ወር ገበያው ድረስ ውረድ። እኔ ቀጣዩን መጽሐፌን የማስመርቀው በጥር፣ ቡለን ገበያ ላይ ነው። መጥታችሁ እዩ፤ ከዚያ በኋላም «አያነብም» ካላችሁ እንከራከራለን።