በ200 ፓውንድ የተቀዳች የጎረምሶች ዘፈን

ፓንክ ሮክ ሲባል ጆሯችሁን የምትይዙ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጊታር ከተገዛለት ወዲህ፣ የቅዳሜ ከሰዓት እንቅልፍ የሚባል ነገር እኔም ቤት የለም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ልጁ ሳይሆን ቀን ከሌት ስለሚታገላት ዘፈን ነው። ታሪኳን ካወቅሁ በኋላ ጩኸቱ ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

ስሟ «ቲንኤጅ ኪክስ» ይባላል፤ ወደ እኛ ስናመጣው «የጉርምስና ደስታ» ቢባል ይቀርበዋል። ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አትሞላም። የተጫወቷት «ዘ አንደርቶንስ» የተባሉ፣ ከሰሜን አየርላንዷ የደሪ ከተማ የወጡ አምስት ወጣቶች ናቸው። ጉዳዩም ቀላል ነው፤ አንድ ጎረምሳ አንዲት የሰፈር ልጅ ወዷል፣ አለቀ።

ይህች ቀላል ዘፈን የወጣችበት አገር ግን ቀላል አልነበረም። ደሪ ማለት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ወታደሮች ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው በዕለቱ 13 ሰው የገደሉባት ከተማ ናት። ልጆቹ ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ናቸው። ያደጉት ወታደር መንገድ ላይ ቆሞ በሚፈትሽበት፣ ማታ ፍንዳታ በሚሰማበት ሰፈር ነው። በ1975 ደግሞ «ማያሚ ሾውባንድ» የሚባለው ታዋቂ የአየርላንድ ባንድ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሦስት ሙዚቀኞችን ገደሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን አየርላንድ ሄዶ ለመጫወት የሚደፍር የውጭ ባንድ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሙዚቃ የፈለገ ወጣት ራሱ መሥራት ነበረበት።

እነዚህ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልምምዳቸው በኦኒል ቤተሰብ ቤትና በአንድ ጎረቤት ጓሮ በሚገኝ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አገሩ እንዲያ ሆኖ፣ ልጆቹ በር ዘግተው ድራም ሲደበድቡ የሚታገሥ ቤተሰብና ጎረቤት! የእነዚያን ሰዎች ስም በየትኛውም ሸክላ ላይ አናገኘውም። እኔ ግን ስለዚህ ዘፈን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነርሱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ፈተና ወቅት ተነጋግረን ነበር። ይህንንም ጨምሩበት፦ መጀመሪያ ከጆን ኦኒል ጋር ጊታር ይጫወት የነበረው ወንድሙ ቪንሰንት ነው። የትምህርት ቤት ፈተና ሲደርስበት ባንዱን ተወና ቦታውን ታናሽ ወንድማቸው ዴሚየን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝና ያየው ዴሚየን ነው። ቪንሰንት አጠፋ አልልም፤ ያኔ ከልምምዷ ክፍል ምን እንደሚወጣ ማን ያውቅ ነበር? ዘፋኙ ፊርጋል ሻርኪ ደግሞ በልጅነቱ በባህላዊ የመዝሙር ውድድሮች ላይ ሽልማት ያገኘ ልጅ ነው። ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፁ ከሌላው የፓንክ ጩኸት የሚለየውም ለዚህ ይመስለኛል።

«ቲንኤጅ ኪክስ»ን ጆን ኦኒል የጻፋት በ1977 ነው። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባንዱ የሙከራ ካሴት ቀድቶ ለልዩ ልዩ ሸክላ አሳታሚዎች ላከ፤ የተመለሰላቸው «አንፈልግም» የሚል ደብዳቤ ነበር። ባንዱ ሊበተንም ተቃርቦ ነበር።

በዚህ መሐል ቴሪ ሁሊ የሚባል ሰው መጣ። ቤልፋስት ውስጥ በግሬት ቪክቶሪያ ጎዳና «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የሚል የሸክላ መሸጫ ነበረው። ጎዳናው ቦምብ በተደጋጋሚ የፈነዳበት ነው፤ እንኳን ሱቅ ሊከፍቱበት፣ ሲመሽ ሊያልፉበትም ያስፈራል። ሁሊ ግን ከሱቁ አልፎ ለአካባቢው ልጆች ሸክላ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ካቶሊክ ሁን ፕሮቴስታንት አይጠይቅም። በዚያ ዘመን በዚያ ከተማ ይህን አለመጠየቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በጁን 1978 አጋማሽ ልጆቹ ቤልፋስት በሚገኘው «ዊዛርድ» ስቱዲዮ ገብተው አራት ዘፈን ቀዱ። የተመደበው ገንዘብ 200 ፓውንድ ነው። በዚህ ገንዘብ ደጋግሞ መቅዳትና ማሳመር አይታሰብም። ዛሬ ስትሰሙት ጊታሩ ሸካራ የሆነው፣ ነገሩ ሁሉ ቸኮል ያለው በዚህም ምክንያት ነው፤ ደግሞ ያ መቸኮል ለዘፈኗ ጉዳይ ተስማማት፤ ጎረምሳ መቼ ቀስ ብሎ ይወዳል? የሸክላው ልባስም በሙጫ የተሠራ ሳይሆን ታጥፎ የሚሸፈን ወረቀት ነበር፤ ሲዘረጋ ፖስተር ይሆናል። ርካሽ መንገድ ነው፤ ግን ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሸክላው በሴፕቴምበር ወጣ። ሁሊ ይዞት ለንደን ሄደና ትልልቆቹን ኩባንያዎች በር እያንኳኳ አሰማቸው። የፈለገው የለም። እጁን አጣጥፎ ተመለሰ።

በለንደን ግን ጆን ፒል ነበር። በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ማታ ማታ የሚያቀርብ፣ ማንም የማያውቃቸውን ባንዶች ፈልጎ የሚያሰማ የ39 ዓመት ሰው ነው። ይህችን ዘፈን መጀመሪያ ሲሰማ አለቀሰ ይባላል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1978 ማታ (እኛ ዘንድ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው) ዘፈኗን አጫወተና፣ እንዳለቀች ወዲያው ደገማት። ሬዲዮ ላይ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ማጫወት ከወጉ ውጭ ነበር።

ያንን ዘፈን ከሰሙት አንዱ «ሳየር» የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ባለቤት ሲሞር ስታይን ነው። ወዲያው ሰው ወደ ደሪ ላከ። ከሬዲዮው ምሽት እስከ ውሉ ፊርማ አሥር ቀን እንኳ አልሞላም። በኦክቶበር አጋማሽ «ሳየር» ዘፈኗን እንደገና አወጣት፤ በእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥም 31ኛ ደረጃ ደረሰች። በወሩ መጨረሻ አምስቱ ልጆች «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» በተባለው ታላቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታዩ። ከጥቂት ወራት በፊት ማንም አልፈልግም ያላቸው ልጆች ናቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ አልተዋቸውም፦ «ከደሪ መጥታችሁ ስለ ጦርነቱ ለምን አትዘፍኑም?» ብዙ ጋዜጠኛ ጠይቋቸዋል። እኔን ጥያቄው ራሱ ይከነክነኛል። ወታደር ደጁ ላይ ቢቆምም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያፈቅራል፣ ያፍራል፣ ማታ እንቅልፍ ያጣል። ክፉ ዘመን ሲመጣ እኛ ትልልቆቹ ልጆቹም እንደኛ በሐዘን እንዲኮማተሩ እንጠብቃለን፤ ሲስቁ ካየናቸው «ምን ያስቃችኋል?» እንላለን። እነዚህ ልጆች መከራውን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በ1981 የእስረኞቹን የረሃብ አድማ መነሻ አድርገው ዘፍነዋል። ያኔ ግን ወረፋው የፍቅር ነበር፤ መጀመሪያ ጎረምሳ መሆን ነበረባቸው።

ባንዱ በ1983 ተበተነ። የሁሊ ሱቅም ከዚያ በፊት በ1982 ከስሮ ተዘግቷል፤ ኋላ ከአንድም ሁለት ጊዜ እንደገና ተከፍቷል። በ2013 «ዋን ዳይሬክሽን» የተባሉት ልጆች ይህችን ዘፈን ከሌላ ዘፈን ጋር ቀላቅለው ለበጎ አድራጎት ተጫወቷትና አንደኛ ሆነች። ገቢው የተሰጠው «ኮሚክ ሪሊፍ» ደግሞ በ1985 የእኛን አገር ረሃብ ተከትሎ የተመሠረተ ድርጅት ነው። በ35 ዓመት ውስጥ ዘፈኗ ከአባቶች ወደ ልጆች ተሻግራ፣ ሳናውቃት በእኛም ደጅ አልፋለች።

ጆን ፒል በኦክቶበር 2004 ለእረፍት በሄደበት ፔሩ አረፈ። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የተሰማው «ቲንኤጅ ኪክስ» ነው፤ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይም ከዘፈኗ አንዲት ስንኝ ተቀርጻለች፤ ራሱ በሕይወት ሳለ የጠየቀው ነበር። እጅግ የሚሳሳላቸውን ነጠላ ሸክላዎች ለብቻ የሚያስቀምጥባት አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረችው። በኋላ ተከፍታ ስትታይ ከመቶ በላይ ሸክላዎች ተገኙባት፤ «ቲንኤጅ ኪክስ» ግን አልነበረችም።