ጅብ ከሄደ የሚጮህ ሕግ ለማን ይበጃል?

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድሮ ስም ማጥፋት ቢበዛ ከቡና ረከቦትና ከጠላ ቤት አያልፍም ነበር። የታማው ሰው ሽማግሌ ልኮ «ማን አለ?» ብሎ ያስጠይቃል፤ ሐሜተኛውም በሰው ፊት ያፍራል። ዛሬስ? ስሙን የደበቀ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሰው ፎቶ፣ የሰው መሥሪያ ቤት፣ የሰው ሰፈር ይለጥፍና «ጠላታችሁ ይኸውላችሁ!» ይላል። ታዲያ ሽማግሌ ለማን ይላካል?

ከግሽ አባይ እስከ ጣና ዳር ለሚኖር የባሕር ዳር ሰው መዘዙን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ፎቶግራፋቸው ከነስማቸው ፌስቡክ ላይ ወጣ። የትግራይ ተወላጅ በመሆናቸው በግፍና በዝርፊያ ተወነጀሉ፤ የሚኖሩበት ሰፈር ሳይቀር ተገለጸ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ።

ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ለኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዳመለከተው፣ ጽሑፉ ይነሣ ብሎ ለኩባንያው ደጋግሞ አቤት ብሎ ነበር። መልስ የመጣለት ኅዳር 2 ቀን ነው፤ አባቱ በተገደሉ በስምንተኛው ቀን! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። የፌስቡክን ጽሑፎች የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች ናይሮቢ ስለነበሩ ክሱ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. እዚያው ቀረበ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ለመሆኑ ባሕር ዳር ላይ ለፈሰሰ ደም ፍትሕ ፍለጋ ናይሮቢ ድረስ የሚኬደው እዚህ ሕግ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር ሰውን ማስፈራራትንና በተደጋጋሚ መልእክት ማስጨነቅን በእስራት ይቀጣል። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ጥቆማ የደረሰው ኩባንያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ያንሣ ይላል። ካላነሣስ? እዚህ ላይ አዋጁ ዝም ነው! ለጸሐፊው እስርና መቀጮ ሲደነግግ ለኩባንያው ግን አንድም ቅጣት አላስቀመጠም።

«ደግሞ ሌላ አፋኝ ሕግ ልታስወጡብን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ፍርሃቱ ይገባናል። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነፃነት ሰጠ ተብሎ ስንቱን ጋዜጠኛ ወህኒ እንዳስወረደ አንዘነጋም። ነገር ግን ባለሥልጣንን መተቸትና የአንድን መምህር ቤት ለገዳይ መጠቆም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ሕጉ ይህን ልዩነት በግልጽ ይጻፍ። ሰውን ለጥቃት አሳልፎ ለመስጠት አድራሻውን ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ይሁን። በ24 ሰዓት ያላነሣ ኩባንያ ከኪሱ ይክፈል፤ በአገሩ ቋንቋ አቤቱታ የሚቀበል ተጠሪም እዚሁ ያስቀምጥ። ወንጀል ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ ካድሬ ሳይሆን ፍርድ ቤት ይወስን።

ሕጉ እስኪስተካከል ግን ጣታችን የራሳችን ናት። የማናውቀውን ሰው ፎቶ ከነሰፈሩ «ሼር» ከማድረጋችን በፊት፣ ያ ሰው ማታ ወደ ቤቱ እንደሚገባ እናስብ።