ከመሬት በታች ያለውን ማን ቆጠረው?

ዛሬ ስለ ንባብ ልጽፍ ነው። የማነሣው ንባብ ግን የመጽሐፍ ሳይሆን የካርታ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ሻንቶ ነው። እንጀራዬ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ መቁጠር ነው። ባለፈው ዓመት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ የከተማዋንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። በአዳራሹ የተገኘሁት ለመታዘብ አልነበረም። የአንድ የቤት ሥራ ማኅበር አባል ነኝና ጥቅሜ አጀንዳው ውስጥ ነበር።

ግድግዳው ላይ የከተማዋ ማስፋፊያ ፕላን ተሰቅሏል። ለመኖሪያ ቤት የታሰበው ቦታ ቢጫ፣ መናፈሻው አረንጓዴ ተቀብቷል። ባለሙያው እያመለከተ አብራራ፤ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ጎርፍ መውረጃው ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ፤ ከዚያም አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» አሉ። እጆች ወጡ። ፕላኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ቢጫው ቀለም ምን እንደሸፈነ የገባኝ ከወራት በኋላ በገዛ መስኮቴ ፊት ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጡ። ፊተኛው የማኅበራችን ሰብሳቢ ነው፤ የአባላቱ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ መግባቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ፈልጓል። ከኋላው የቆሙት አዛውንት ገበሬ የካሳ ክፍያ ሊቀበሉ፣ የመጀመሪያውን የባንክ ደብተራቸውንም ሊያወጡ ነው የመጡት። ሁለቱን ያመጣቸው አንድ መሬት ነው።

አዛውንቱ የጣት አሻራቸውን ካኖሩ በኋላ ከመስኮቱ አልተነሡም። በወላይትኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። የቆመውን እንሰት ቆጥረው ጻፉ። ከመሬት በታች ያለውን ማን ቆጠረው?»

«አባቴ፣ ከመሬት በታች ምን ነበረ?»

«ሥር ቀብሬ ነበር።»

የገበሬ ልጅ ለሆነ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ገበሬው እንሰትን የሚያባዛው ከዘር አይደለም። የእናቲቱን ሥር ቆርጦ ይቀብራል፣ በፍግ ይሸፍናል፣ ይጠብቃል። ከአንዱ ሥር በርካታ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ ለምግብ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ቆጣሪዎቹ በመጡበት ሰሞን የአዛውንቱ ሥር ገና ከአፈር አልወጣም ነበር። ለዓይን ባዶ መሬት ነበረና በቅጹም ላይ ባዶ መሬት ተብሎ ተጻፈ።

መልስ አልነበረኝም። የሚቀጥለውን ባለ ተራ ጠራሁ።

እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች በሁለት ስንኝ ውስጥ የተደበቀ ወርቅ ለማውጣት ማታ ሙሉ እንከራከራለን። ያ ካርታ ፊቴ ተሰቅሎ ሳለ ግን ቢጫውን ቢጫ ብዬ አነበብሁት፤ ከሥሩ ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የምክር ቤቱ አባላት ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው።

ሕጉ በሩን አልዘጋብንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ይደነግጋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ይሰጠው ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት የተሻለውን ገቢ ወስዶ 15 እጥፍ አደረገው፤ ተነሺዎቹ መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ 1 ዓመት በፊት እንዲመከሩም ደነገገ። ስሌቱ ተሻሽሏል ማለት ነው። ነገር ግን ማንኛውም ስሌት የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ዜሮ በ15 ቢባዛ ያው ዜሮ ነው።

ባለ ይዞታውን ሳይሰሙ ካርታ መሳል ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታዋለች። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ተቃውሞው ዳግም ተቀጣጠለ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ በዚያው ዓመት ጥር ፕላኑ ተሠረዘ። ወረቀት ይሠረዛል፤ የሞተ ግን አይመለስም።

ይህን ስል ቤት አይሠራ ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል እኖራለሁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ወላይታ ሶዶ መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ቤት ፈላጊው በርክቷል። ከተሞቻችን ማደጋቸው አይቀርም፤ ማደግም አለባቸው። ነገር ግን ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይሞላም። ከዚያችም ውስጥ የለማው፣ በትውልዶች ፍግ የጠቆረው አፈር፣ ዳርኳ የምንለው የደጃፍ ጓሮ ነው። በዚያ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው የአንድን ቤተሰብ ጎተራ እንደያዘ ይወቀው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ የምክር ቤት አባላት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት መሬቱን ከባለ ይዞታው ጋር በእግራቸው ይዙሩት። ሁለተኛ፣ ረቂቁ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይሰቀል፤ እዚያው ቀበሌው ላይ፣ ነዋሪው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ቆጠራው የተቀበረውን ሥርና ችግኙን ይጨምር፤ ገበሬውን መጠየቅ ወጪ የለውም። አራተኛው የሚመለከተው እኛን ቤት ፈላጊዎችን ነው፦ ለየብቻ ግቢ ከመጠየቅ ይልቅ በአንድ ቦታ ላይ ፎቅ መሥራትን እንልመድ፤ የተረፈው መሬት ለእንሰቱ ይቅር።

ይህንኑ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አቀርባለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ተራዬ ሊያልፈኝ፣ ኪራዩም ሊቀጥል ይችላል። የአዛውንቱን ጥያቄ ግን ሁለተኛ ጊዜ በዝምታ ማለፍ አልፈልግም።

የዚያን ዕለት ማታ የጻፍኋትን አራት ስንኝ ትቼላችሁ ልሰናበት።

ቢጫ ተቀባና ካርታው ላይ መንደሩ፣
እጅ አውጥተን አለፍን ሳንወርድ ወዳፈሩ፤
የቆመው ተቆጥሮ የተኛው ሲረሳ፣
ቡቃያ አፈር ገልጦ ጥያቄ አነሣ።

ቸር እንሰንብት።