አፑ የቅጠሉን ጀርባ ሳያይ አይፍረድ

ዕፅዋትን በፎቶ የሚለዩ አፖች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይሳሳታሉ ብዬ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ቅሬታዬ በፎቶው ውስጥ በሌለ ነገር ላይም ደፍረው ስም መስጠታቸው ነው። ለዚህ ኖትዊድ ከሚባለው አረም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ሳታዩት አትቀሩም። በወንዝ ዳር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ አገዳው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው፣ አንጓም አለው፤ ነሐሴ ገደማ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጣል። ከሥሩ ትንሽ ቁራጭ ውኃ ከወሰደው ሌላ ቦታ ይበቅላል። የዋሽንግተን ስቴት የጎጂ አረም ዝርዝር አራት ዓይነት ኖትዊድ ይዟል፦ የጃፓኑን፣ ግዙፉን፣ የሂማላያውንና ቦሄሚያ የሚባለውን። የሂማላያው ቅጠል ጠበብ ረዘም ስለሚል ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው ያለው በሦስቱ ላይ ነው፤ ቦሄሚያ የጃፓኑና የግዙፉ ድቅል ነውና።

የጃፓኑ ቅጠል የመዳፍ ያህል ሆኖ ከአገዳው በኩል ያለው ጠርዙ በመቀስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል። የግዙፉ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በአገዳው በኩልም እንደ ልብ ቅርጽ ወደ ውስጥ ይገባል። ድቅሉስ? መካከል ላይ ነው፤ ያውም ወጥ አይደለም። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች የጃፓኑን ሲመስሉ ዝቅ ብለው ያሉት ወደ ግዙፉ ያደላሉ። ስለዚህ አፑ የሚሰጠው ስም የትኛውን ቅጠል እንዳነሳችሁ ይከተላል ማለት ነው።

አስተማማኙ ምልክት ከጀርባ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጅማቶቹን ተመልከቱ። ግዙፉ ላይ በዓይን የሚታይ ረጅም፣ ሞገድ ሞገድ ያለ ፀጉር አለ። ድቅሉ ላይ አጭር፣ ሥሩ ሰፋ ያለ ፀጉር በማጉያ መነጽር ይታያል። የጃፓኑ ላይ ፀጉር ሳይሆን እብጥ እብጥ ያሉ ነጥቦች ብቻ ናቸው።

አሁን እንደ ዲቨሎፐር አስቡት። ብዙ የምስል ሞዴሎች ፎቶውን የሚቀበሉት 224 በ224 ፒክስል አሳንሰው ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅጠል ፎቶውን ቢሞላው አንድ ፒክስል ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። የድቅሉ ፀጉር ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ፎቶው ከላይ ከተነሳማ ጭራሹኑ የለም። ሚሊዮን ፎቶ ብትጨምሩለትም ሞዴሉ ያላየውን አይማርም። ማሠልጠኛ ዳታውም ንጹሕ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሰማው የጃፓኑን ስም ነው። አፑ ይገምታል፣ ተጠቃሚው እሺ ይላል፣ እሺታውም ተመልሶ ለሞዴሉ ትምህርት ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ተክሉ በዘረመል ሲመረመር ግን አብዛኛው ድቅሉ ሆኖ ተገኝቷል።

“ሁሉም አረም ነው፣ ምን ለውጥ አለው?” የሚል አይጠፋም። ጓሮውን ለሚያጸዳ ሰው እውነት ብዙ ለውጥ የለውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የኖትዊድን ጭማቂ የምትመጥ አንዲት ትንሽ የጃፓን ነፍሳት እንድትለቀቅ ፈቅዷል። የተፈቀደው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሆካይዶ የመጣችው ለግዙፉ፣ ከኪዩሹ የመጣችው ለጃፓኑና ለድቅሉ ትሻላለች። ካርታው ላይ ስሙ ከተሳሳተ የተሳሳተችዋ ትላካለች።

የምፈልገው ትልቅ ሞዴል አይደለም። አይናቹራሊስት እርግጠኛ ካልሆነ ዝርያውን ትቶ ከፍ ባለው የጋራ ስም ላይ ማቆም ይችላል፤ ፕላንትኔት ፎቶው የቅጠል ነው ወይስ የአበባ የሚለውን ለይቶ ይይዛል። አንድ እርምጃ ቢጨመርስ? እነዚህ ሦስቱ ተፎካክረው ሲመጡ ብቻ “ቅጠሉን ገልብጠው ጅማቱን ቀረብ ብለው ያንሱ” የሚል ጥያቄ ይምጣ። ተጠቃሚው ይሰለቻል የሚሉ አሉ። ይሰልች! ካልፈለገ “ኖትዊድ” የሚለው መልስ ይበቃዋል፤ እሱም እውነት ነው።

ለአማርኛ የምንሠራውም ከዚህ አናመልጥም። ኖትዊድ ከመቅመቆ፣ ከእምቧጮና ከቱልት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። እንግሊዝኛ የእነ መቅመቆን ወገን በጥቅሉ “ዶክ” ይለዋል። የአፑን ስሞች ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው እናቶቻችን የለዩዋቸውን ሦስት ተክሎች አንድ ያደርጋቸዋል። ሳይንሳዊ ስሙን ቁልፍ አድርጎ አማርኛውን በቀጥታ እሱ ላይ ማሰር ይሻላል፤ ፍለጋውም “እምቧጮ” እና “እንቧጮ” ብሎ የጻፈውን እኩል ያስተናግድ።

ቅዳሜ ወንዝ ዳር ለመሞከር የምትወጡ ካላችሁ ቅጠሉን ከቅርንጫፉ መካከል ምረጡ፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ይሁን፤ ወቅቱ ሲገፋ የድቅሉ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። አገዳውን ግን ቆርጣችሁ ወደ ቤት አታምጡ።